ስዊች 2፣ ፒኤስ 5 ወይስ ያገለገለ ፒኤስ 4? ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚመርጥ

ይህን የጻፍኩት ግንቦት 2017 ላይ ነው፤ ዋጋውም ቀኑም የዚያን ጊዜ ነው። የእህቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ቀን መቁጠር ይዟል። ለሚኒስትሪ ፈተና ይመስላችኋል፤ አይደለም። «ጋሼ፣ አሥራ አንድ ቀን ቀረው» ይለኛል ቁርስ ላይ፣ ፍርፍሩን እየጎረሰ። ምኑ እንደቀረው መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የሚጠብቀው ኒንቴንዶ ስዊች 2 የሚባለውን የጌም ዕቃ ነው። ግንቦት 28 ቀን 2017 አሜሪካ፣ ጃፓንና አውሮፓ ውስጥ ለሽያጭ ይቀርባል። ጎንደር የሚቀርብበት ቀን የለም። እዚህ አዲስ ጌም የሚገባው በሻንጣ ነው። የኛ ሻንጣ ደግሞ አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። ነሐሴ ላይ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ለልጁ ምን ይዤለት ልምጣ? ብቻ ከአምስት መቶ ዶላር እንዳያልፍብኝ» አለችኝ። ልጁ ፊት ለፊቴ ቆሞ መልሱን በሁለት ጣቱ ያሳየኛል። እኔ ግን «ቆይ አጣርቼ ልንገርሽ» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ያጣራሁት እነሆ። ይኸው ጥያቄ ያለበት ቤት ብዙ ይመስለኛል። ወደ ብር ስቀይር አንዱን ዶላር በ130 ብር ይዤዋለሁ፤ የእናንተ ዶላር ከዚያ በላይ ከሆነ ጨምሩበት።

ጉጉቱ ከየት መጣ

የመጀመሪያው ስዊች የወጣው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ሁለተኛው ደግሞ በኛ 2017 ሊወጣ ነው። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል። የመጀመሪያው እስካለፈው መጋቢት ድረስ ከ152 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እዚህ አገር ብዙ ሰው አላየውም እንጂ ዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ጌሞች አንዱ ነው። ጎንደር ውስጥ ማንኛውም የጌም ዕቃ ስሙ «ፕሌይስቴሽን» (በአጭሩ ፒኤስ) ስለሆነ፣ ስዊችን ለእናቴ ሳስረዳ «በእጅ የሚያዝ ፕሌይስቴሽን ነው» ብዬ ነው የተገላገልኩት።

ነገሩም እንደዚያው ነው። መኝታ ላይ በእጅ ይዘው ይጫወቱበታል። ቲቪ አጠገብ ያለው ማስቀመጫው ላይ ሲሰኩት ደግሞ ትልቅ ጌም ይሆናል። አዲሱ ስክሪኑ 7.9 ኢንች ነው፤ የድሮው 6.2 ነበር። ውስጡ ያለው ቦታ ከ32 ወደ 256 ጊጋ አድጓል። በግራና በቀኝ ያሉት ጆይስቲኮች እንደ ድሮው በሐዲድ ላይ ተንሸራትተው አይገቡም፤ በማግኔት ጠቅ ብለው ይጣበቃሉ።

ዋጋው ሲወጣ 449.99 ዶላር ነው ተብሏል፣ 58,500 ብር ገደማ። ማሪዮ ካርት ወርልድ ከሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ጋር ሲሆን 499.99፣ ማለትም 65,000 ብር። በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት የሽያጭ ታክስ ይጨመርበታል። ስለዚህ የእህቴ «አምስት መቶ» ገና ካሸሯ ጋ ሳትደርስ ታልፋለች።

ጃፓን ውስጥ በኒንቴንዶ የራሱ መደብር በኩል በዕጣ ለመግዛት 2.2 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቧል። አሜሪካ ደግሞ ቅድመ ትዕዛዙ ሚያዝያ 1 ሊጀምር ነበር፤ በአዲሱ የቀረጥ ጣጣ ምክንያት ወደ ሚያዝያ 16 ተገፋ። የዋናው ዕቃ ዋጋ ባለበት ሲቆይ የተጨማሪ ዕቃዎቹ ዋጋ ከፍ አለ። ለብቻው የሚሸጠው ትልቁ ጆይስቲክ 85 ዶላር ሆነ። አሥራ አንድ ሺህ ብር፣ ለጆይስቲክ!

ጥርጣሬዎቼ

አንደኛውና ትልቁ ስለ ካርዱ ነው። ስዊች ሲዲ የለውም። ጌሙ የሚመጣው ከሲም ካርድ ትንሽ ከፍ በምትል ካርድ ላይ ነው። እስካሁን ካርዷን ትሰካለህ፣ ትጫወታለህ፣ አለቀ። አሁን ግን አዲስ ዓይነት ካርድ መጥቷል። ጌሙ ካርዱ ላይ የለም። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው። ሰክታችሁ ጌሙን በኢንተርኔት ታወርዳላችሁ፤ አውርዳችሁም ካርዱ ካልተሰካ አይከፍትም። ሎስ አንጀለስ ላለ ሰው ይህ የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው። ለኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት የተዘጋበትን ጊዜ የረሳ ሰው የለም። ያኔ ጌም ቤቶቹን ያቆማቸው ሲዲ ነው። ሲዲ ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ደግነቱ ሁሉም ጌም እንደዚያ አይደለም። ማሪዮ ካርት ወርልድ ሙሉ በሙሉ ካርዱ ላይ አለ። ሳይበርፐንክ 2077ን የሚያህል ግዙፍ ጌም እንኳ በ64 ጊጋ ካርድ ሙሉውን ሊሸጥ ነው። ስለዚህ ከውጭ ለምታስመጡት ሰው አንድ ነገር ንገሩት፦ የጌሙ ካርቶን ፊት ለፊት ግርጌው ላይ የቁልፍ ምልክት ያለበት ነጭ መስመር ካለ አይግዛው። ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁና እናንተው እዩት።

ሚሞሪውም ጣጣ አለው። የስልካችሁ ሚሞሪ አይሠራለትም። ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። ፒያሳ ያሉትን የሞባይል ሱቆች ብትዞሩ የሚሰጧችሁ የድሮውን ነው፤ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ገብቶ ይቀመጣል፣ ጌም ግን አይጫንበትም። በተረፈ መጀመሪያ ሲከፈት ከኢንተርኔት ዝማኔ (አፕዴት) ማውረድ አለበት፤ የድሮ ስዊች ካርዶችን የሚያጫውተው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እህቴ እዚያው ቤቷ ጨርሳ ትምጣ።

ስለ ጆይስቲኩ ደግሞ። የድሮው ስዊች ጆይስቲክ በራሱ ጊዜ ወደ አንድ ጎን መሄድ ያመጣ ነበር። ተጫዋቹ ቆሟል፣ ማሪዮ ይሄዳል። ኒንቴንዶ አዲሱን ከመሠረቱ ቀይሬ ሠርቼዋለሁ ይላል፤ ግን ብዙ ሰው የጠበቀውን፣ በማግኔት የሚሠራውንና የማያልቀውን ዓይነት እንዳልተጠቀመ ራሱ ተናግሯል። ይበላሻል ማለቴ አይደለም። ይህን ስጽፍ ማንም ስድስት ወር አልተጫወተበትም ማለቴ ነው።

ሌላው የጃፓኑ ነው። ይህቺን ልብ በሉ። ኒንቴንዶ ለጃፓን ገበያ ብቻ ርካሽ ስዊች 2 አዘጋጅቷል፣ 49,980 የን። ብዙ ቋንቋ ያለው እዚያው ጃፓን 69,980 የን ነው። ርካሹ ጃፓንኛ ብቻ ነው የሚናገረው፤ የሚቀበለውም በጃፓን የተከፈተ አካውንት ብቻ ነው። በዱባይ ዞሮ «ቅናሽ አለው ወንድሜ፣ ያው ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያው አይደለም። ስክሪኑን አብሩና ቋንቋ መቀየር ይቻል እንደሆነ እዩ።

አሁን ደግሞ ስለ «መክፈት»። ጌም ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ጄልብሬክ የሆነ፣ ማለትም የፋብሪካ ቁልፉ የተሰበረ ፒኤስ ያውቃል። ጌሙ በፍላሽ ይጫናል፣ ሲዲ የለም፣ ወጪ የለም። ኒንቴንዶ በቅርቡ የተጠቃሚ ውሉን ቀይሮ፣ ሕግ ከተጣሰ ዕቃውን በቋሚነት ከአገልግሎት ውጪ ላደርገው እችላለሁ የሚል ቃል አስገብቷል። «ቆይቶ ይከፈታል» ብሎ ተስፋ ላደረገ ሰው 58 ሺህ ብር የሚያስገባበት ቦታ አይደለም።

መዘግየታችን ሲጠቅመን

ልጁ የማይገባው ይህኛው ነው። እሱ በመጀመሪያው ቀን አለመግዛታችንን እንደ ዕድለ ቢስነት ነው የሚያየው።

የማይክሮሶፍቱ የጌም ዕቃ ኤክስቦክስ 360 በፈረንጆቹ 2005 ሲወጣ ሰው ተሰልፎ ገዛው። ከዚያ ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት እያበራ መሞት ጀመረ። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2007 ለጥገናው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ጋራንቲውን ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ። ኒንቴንዶም ራሱ በፈረንጆቹ 2011 ስሪ ዲኤስ የምትባለውን የእጅ ጌም በ249.99 አወጣት፤ ስድስት ወር ሳይሞላት 169.99 አደረጋት። ለመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ማካካሻ ብሎ ሃያ የቆዩ ጌሞች ሰጣቸው። ፒኤስ 5 በፈረንጆቹ 2020 ሲወጣ ደግሞ የአየር በአየር ነጋዴ ለቃቅሞት ብዙ ሰው ከዋጋው በላይ ከፍሎ ገዛ።

እነዚያ ሰዎች ሲበላሽባቸው መልሰው ወደ ሱቁ ይወስዱታል። የኛ ግን ደረሰኙም ጋራንቲውም አሜሪካ፣ ዕቃው አዘዞ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሌላ ሰው ይፈትንልን። ነሐሴ ድረስ የተደበቀ ችግር ካለ ይወጣል። እህቴ ግንቦት 28 ሌሊት ሱቅ በር ላይ የምትቆምበት ምንም ምክንያት የለም።

«ጠብቁ፣ ይረክሳል» እያልኩ ግን አይደለም። ያ ድሮ ቀረ። የመጀመሪያው ስዊች ከስምንት ዓመት በኋላም አሜሪካ ውስጥ ያው 299.99 ነበር። ፕሌይስቴሽንን የሚሠራው ሶኒ ሚያዝያ 2017 ላይ አውሮፓ ውስጥ ሲዲ የሌለውን የፒኤስ 5 ዋጋ ጨመረ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ኤክስቦክስ ሲሪየስ ኤስን ከ299.99 ወደ 379.99 አወጣው። ዕቃ እያረጀ ዋጋው ሲጨምር ያየሁት የጎንደር ቤት ኪራይ ላይ ብቻ ነበር። እና ሁለት ወር ጠብቁ እንጂ ሁለት ዓመት አትጠብቁ።

መብራት ሲሄድ

የትኛውም የውጭ ግምገማ የማይነግራችሁ ይህን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጁን ይዤ ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ገባሁ። አራት ቲቪ፣ አራት ፒኤስ 4፣ ግድግዳው ላይ የቡድን ማልያ። ልጁና ጓደኛው ኤፍሲ 25 የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም ይዘዋል። ያው ተሸናፊ ነው የሚከፍለው። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ልጁ ሁለት ለአንድ እየመራ፣ መብራት ሄደ። «ኧረ!» ሲል ቤቱ ሙሉ ጮኸ። ጓደኛው ግን ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ፈገግ አለ። ባለቤቱ ፈረደ፦ ያላለቀ ጨዋታ ሒሳብ የለውም።

መብራቱ ሲመለስ ፒኤስ 4 ጥፋተኞች ያደርጋችኋል። በትክክል አላጠፋችሁኝም ብሎ ይጽፋል፣ እኛ ያጠፋነው ይመስል። ከዚያ ማከማቻውን ልፈትሽ ይላል፤ ነጯ መስመር ቀስ እያለች ትሄዳለች። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሆነ እንዲህ በድንገት መጥፋት ሲደጋገም ይጎዳዋል። የጌም ቤቱ ባለቤት እስካሁን ሁለት መቀየሩን ነገረኝ። መቀየሩ ግን ቀላል ነው፤ የተራ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ይገባለታል።

ስዊች እዚህ ላይ ሁሉንም ይበልጣል። ባትሪ አለው። ቲቪው ይጠፋል፣ አንስታችሁ በእጃችሁ ትቀጥላላችሁ። ስዊች 2 እንደ ጌሙ ክብደት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይቆያል ይላሉ። ከባድ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ብዙ አይደለም። ግን ሁለት ሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። ቻርጀሩ 60 ዋት ስለሆነ ትንሽ ሶላር ያለው ሰው ቤት ሳይቀር ይሞላል። ፒኤስ 5 ግን ጌም ላይ 200 ዋት አካባቢ ይበላል። ከእንጀራ ምጣድ አንጻር ሁለቱም ኢምንት ናቸው።

ስዊች 2ም ፒኤስ 5ም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የአሜሪካው እዚህ ይሠራል። የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ለፒኤስ ስታቢላይዘር ጨምሩ። ማታ ማታ አምፖሉ ሲደበዝዝና ሲበራ የምታዩበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

ያገለገለ ፒኤስ 4፣ ከነጠባሳው

በዚህ ከተማ እግር ኳስ ለሚወድ ልጅ ትክክለኛው መልስ አሁንም ፒኤስ 4 ነው ብል አሮጌ ትሉኝ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ዕቃ ነው። ግን ኤፍሲ 25 ወጥቶለታል። ሲዲው ይገኛል፣ ከጓደኛ ጋር ይለዋወጡታል። ጆይስቲክ የሚጠግን ሰው አለ። ጓደኞቹ ሁሉ የለመዱት እሱን ነው። አጠገብ ተቀምጦ መጫወት ለሚወድ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ግን ተበልቼበታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለራሴ አንድ ገዛሁ። ሻጩ ካርቶኑን እንዳዲስ አሽጎታል። ሱቁ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተጫወትኩ፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ቤት ወስጄ ሰዓት ሲሞላው ፋኑ መጮህ ጀመረ። የአዘዞ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል የሚሰማው ድምፅ ነው። ከዚያ «በጣም ሞቋል» ብሎ ራሱን አጠፋ። ሲከፈት ውስጡ ያለው የማቀዝቀዣ ቅባት እንደ ጭቃ ደርቋል፣ አቧራው ደግሞ ብርድ ልብስ ያህላል። ሻጩን ብጠይቀው «እኔ ጋ እያለ ደህና ነበር» አለ። እኔም አሥር ደቂቃ ነው ያየሁት፣ ምን ልበል።

ስለዚህ አርባ ደቂቃ ሳትጫወቱ ብር አታውጡ። ከባድ ጌም ይክፈትላችሁ። እጃችሁን ከኋላው አድርጉ፤ ትኩስ አየር መውጣት አለበት፣ ካልወጣ ታፍኗል። ሲዲ አስገቡና ሦስት ጊዜ አስወጡት። ጆይስቲኩን ሳትነኩ ተጫዋቹ ከተራመደ ዋጋ አስቀንሱ። የሌላ ሰው አካውንት ካለበት እዚያው ፊታችሁ ይደምስሰው። ጄልብሬክ ከሆነ ደግሞ እያወቃችሁ ግዙ፦ በኢንተርኔት መጫወት አይቻልም፣ ልጁ ሳያውቅ ዝማኔ ከጫነበት ደግሞ ፍላሽ ላይ ያሉት ጌሞች በሙሉ ደህና ሰንብቱ።

ፒኤስ 5 እና ሌሎቹ

ፒኤስ 5 አሜሪካ ውስጥ ግንቦት 2017 ላይ ሲዲ የሌለው 449.99፣ ሲዲ ያለው 499.99 ነበር። የመጀመሪያው ከስዊች 2 ጋር እኩል ነበር፤ ዋጋውን አይታችሁ እንዳትሸወዱ። ሲዲ የሌለው ጌሙን በሙሉ ከኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሃምሳም መቶም ጊጋ። የፕሌይስቴሽን መደብር ደግሞ ኢትዮጵያን በአገር ምርጫው ውስጥ አያውቃትም። አካውንቱ የሚከፈተው በሌላ አገር ስም ነው፣ የሚሞላውም በዚያው አገር የስጦታ ካርድ ነው። በአሜሪካ አካውንት ላይ የእንግሊዝ ካርድ አይገባም። አጎትህ ለንደን፣ አክስትህ አሜሪካ ከሆኑ አንዱን ምረጥ።

ሲዲ ያለው ግን ሌላ ዕቃ ነው። የፒኤስ 4 ሲዲዎቻችሁን ያጫውታል። የፒኤስ 4 ጆይስቲካችሁም ይሠራል፣ ለፒኤስ 4 ጌም ብቻ ነው እንጂ። ጂቲኤ 6 የሚባለውን ጌም የሚጠብቅ ሰው ካለም መንገዱ ይህ ነው፤ የተነገረለት ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪየስ ብቻ ነው።

ክብደቱ ግን ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ነው። ስዊች 2 ከነጆይስቲኩ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይህ ለእህቴ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ የማን ጫማ፣ የማን ቫይታሚን፣ የማን የደም ግፊት መለኪያ እንዳለ እሷ ናት የምታውቀው።

የድሮው ስዊች፦ ለትንንሽ ልጆች ይበቃል። ጌሙም ብዙ ነው። ነገር ግን አዲሱ የድሮዎቹን ካርዶች አብዛኛውን ስለሚያጫውት፣ ብሩ ካለ ወደ ኋላ መሄድ አይታየኝም። ኤክስቦክስ ሲሪየስ ኤስ፦ ሲዲ የለውም፣ ጎንደር ውስጥ የሚለዋወጣችሁ ሰው የለም፣ እለፉት። ላፕቶፕ፦ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ላለው ቤት ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ያ ሌላ ጽሑፍ ነው። ጌም ቤት መቀጠል፦ በአንድ ጨዋታ የሚወጣው ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው። በ58,500 ብር ልጁ ጢም እስኪያወጣ ይጫወታል። ስሜቱም ቤት ውስጥ የለም፤ ከኋላ ቆሞ «ስጠው! ስጠው!» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ ለእህቴ ምን አልኳት

መጀመሪያ ልጁን የጠየቅኩት «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ብዬ ነው። «ብቻዬን» ካለ ስዊች 2፣ «ከጓደኞቼ ጋር» ካለ ፒኤስ 4 ብዬ ወስኜ ነበር። አልመለሰልኝም። ጌም ቤቱ ውስጥ መብራት በጠፋበት ሰዓት ግን መልሱ በራሱ መጣ።

«ስዊች ቢሆን ኖሮ አሸንፌህ ነበር» አለው ጓደኛውን፣ በጨለማው። «ባትሪ አለው። ይዘነው ወጥተን ደጅ እንጨርሰው ነበር።»

«እኔስ በምን እጫወታለሁ?»

«ጆይስቲኩ ለሁለት ይከፈላል።»

ጓደኛው ስልኩን አብርቶ የልጁን እጅ አየ፣ ከዚያ የራሱን። እንደ ዕድሜው አይደለም፣ የሰው አባት እጅ ነው ያለው። ለሁለት የተከፈለችው ጆይስቲክ ከጣት ብዙም አትበልጥም። ለማሪዮ ካርት ትሆናለች፤ በሷ ኳስ መለጋት ግን ሚስማርን በማንኪያ እንደ መምታት ነው። ኤፍሲ ለስዊች 2 እንደሚመጣ ተነግሮ ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ በምን ይጫወቱታል የሚለው ግን አልተመለሰም።

ማታ ለእህቴ ድምፅ ላክሁላት። እስከ ሐምሌ መጨረሻ አትግዢ። እስከዚያ የሚበላሽ ነገር ካልተሰማ ስዊች 2 ከነማሪዮ ካርቱ፣ ከአሜሪካ ሱቅ፣ በደረሰኝ። ቤት ከፍተሽ አዘምነሽ አምጪ። ችግር ከተሰማ ዶላሩን ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ፒኤስ 4 በአርባ ደቂቃ ፈትነን እንገዛለን፤ ትርፉ ለሁለት ዓመት ሲዲ ይሆናል።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ልጁ ስንት ቀን እንደቀረ አልነገረኝም። ፍርፍሩን ትንሽ አገላበጠና «ጋሼ» አለኝ፣ «ያ ትልቁ ጆይስቲክ ስንት ነበር ያልከው?»